ክራምፕ ሁሉ የጨው እጥረት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባሕር ዳር

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በስፖርት ገጻችሁ ላይ የወጣው ምክር፣ ተጫዋቾች ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ባታቸውን ይዘው የሚወድቁት «ሰውነታቸው ጨውና ውሃ ስላጣ ነው» ይላል፤ መድኃኒቱም ጨው መላስና ሙዝ መብላት መሆኑን ይነግረናል። እኛ ባሕር ዳር ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። ምክሩ ከሥሩ ሐሰት ነው አንልም፤ ለጥቂት ሰው እውነት የሆነውን ለሁሉም አድርጎታል ነው የምንለው። ጡንቻ በተሸማቀቀበት ቅጽበት የሚፈታው ሲዘረጋ ነው። እንዳይደጋገም የሚያደርገው ደግሞ በአብዛኛው ልምምድ ነው። የጨው ተራ የሚደርሰው ከእነዚህ በኋላ፣ ለዚያውም ለአንዳንዱ ነው።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ቤት ውስጥ «ደም ሥሬ ተሸማቀቀ» ወይም «ጅማቴ ዞረብኝ» ይባላል፤ ሜዳ ላይ «ክራምፕ» ወይም «ስትራፖ»። የተሸማቀቀ ደም ሥር ግን የለም፣ የዞረ ጅማትም የለም። ጡንቻው ራሱ ነው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ተኮማትሮ አልለቅ የሚለው። ባት ላይ ሲሆን በእጅ ቢዳሰስ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ አንዳንዴም ከቆዳው ሥር ጉብ ብሎ ሲንቀጠቀጥ በዓይን ይታያል። ከጥቂት ሰከንድ እስከ ብዙ ደቂቃ ሊቆይ ይችላል፤ ከለቀቀም በኋላ ቦታው አንድ ሁለት ቀን እንደተደበደበ ሁሉ ያማል። ስም ማጥራታችን ለወግ አይደለም። «ዞሯል» ብሎ ያመነ ሰው «ልመልሰው» ብሎ ቅቤ ቀብቶ በአውራ ጣቱ ይደቁሰዋል፤ «ደም ሥር ነው» ያለው ደግሞ ጭኑን በነጠላ ጥፍር አድርጎ ያስረዋል። ሁለቱም የታመመውን ሰው ያለ ጥቅም ያሠቃዩታል።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። በጡንቻው ሆድ ውስጥ መለጠጥን የሚለዩ ጥቃቅን ስሜት ተቀባዮች አሉ፤ መልእክታቸው «ኮምተር!» የሚል ነው። ጡንቻው ከጅማቱ ጋር በሚያያዝበት ቦታ ደግሞ ውጥረትን የሚለኩ ሌሎች አሉ፤ የእነዚህ መልእክት «በቃ፣ ልቀቅ!» ነው። ጡንቻ ሲደክም የመጀመሪያዎቹ ይበረታሉ፣ ሁለተኛዎቹ ይለግማሉ። በዚህ ላይ ጡንቻው አጥሮ ባለበት ሁኔታ እንደገና ከተኮማተረ ጅማቱ ላልቶ ስለሚቆይ «ልቀቅ» ባዩ ጨርሶ ዝም ይላል። ደቡብ አፍሪካዊው የስፖርት ሐኪም ማርቲን ሽዌልነስና ባልደረቦቹ ይህን ማብራሪያ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ ወዲህ የረጅም ርቀት ሯጮችና የትራያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ የተጣመሩበት ውድድር) ተወዳዳሪዎች ደም ሲመረመር፣ ክራምፕ የያዛቸውና ያልያዛቸው በውሃም በጨውም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየባቸውም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው የተገኘው፦ የያዛቸው ከለመዱት ፍጥነት በላይ የሮጡና ከዚህ በፊትም ይዟቸው የሚያውቅ ነበሩ። ደግሞስ ጨው የጎደለው ከደም ከሆነ ደሙ ሁሉም ጋ ይደርሳል፤ ታዲያ የግራው ባት ብቻ ለምን ይሸማቀቃል? አንዲት ቅንጣት ጨው ሳይጨመርበትስ በመዘርጋት ብቻ እንዴት ይፈታል?

የጨው ነገር ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶችና በአሜሪካ የሁቨር ግድብ ግንባታ ላይ የነበሩ ሠራተኞች በሙቀት ውስጥ ሙሉ ቀን እያላባቸው ባዶ ውሃ ብቻ ይጠጡ ነበር፤ ሰውነታቸው በሙሉ ይሸማቀቅ ነበር፤ ጨው ሲሰጣቸው ተሻላቸው። ይህ እኛም ጋ አለ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሚንቶ የሚያወርድ የቀን ሠራተኛ ሸሚዙ ሲደርቅ ጀርባው ላይ ነጭ የጨው መስመር ይተዋል። የእሱ ክራምፕ ከባት ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ክንድ ይዘዋወራል። ለእሱ ባዶ ውሃ አይበቃውም። 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው (ማንኪያው በቢላ ጀርባ የተስተካከለ፣ ያልተከመረ) በጥብጦ ቀስ እያለ ይጠጣ፤ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን በጥብጦ ይውሰድ። ጨው ሲበዛ የሚሻል መስሎት በእፍኝ የሚጨምር አለ፤ ያስታውከዋል፣ ጥሙን ያባብሰዋል፣ ለትንሽ ልጅ ከሆነ ደግሞ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል። የደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ይህን መጠጥ ልማድ አያድርገው።

ሙዝን አንጠላም። አንድ ሙዝ 400 ሚሊ ግራም ያህል ፖታሲየም አለው። ነገር ግን ላብ በብዛት ይዞ የሚወጣው ሶዲየምን እንጂ ፖታሲየምን አይደለም፤ የተበላው ሙዝም ደም ውስጥ እስኪገባ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በ80ኛው ደቂቃ የሚጎረስ ሙዝ ጥቅም የሚሰጠው ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ነው።

እንግዲህ ተጫዋቹ ወደቀ እንበል። ወጌሻው ቦርሳውን አንጠልጥሎ እስኪደርስ የቡድን ጓደኛው ይቀድመዋል፤ እግሩን ያነሣል፣ የጫማውን አፍንጫ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ታች ይነቀንቀዋል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታየውም ይኸው ነው፦ ጉልበቱ ታጥፏል። የባት ትልቁ ጡንቻ የሚነሣው ከጉልበት በላይ፣ ከጭን አጥንት ነው፤ የሚያልቀው ተረከዝ ላይ ነው። ጉልበት ከታጠፈ ላይኛው ጫፍ ይላላል፤ እግሩን ከታች የቱንም ያህል ቢገፉት ይህ ጡንቻ በቅጡ አይዘረጋም። ስለዚህ አስቀድሞ ጉልበቱን ማቃናት ነው። ረጂው ተንበርክኮ በአንድ እጁ ተረከዙን ከሥር ይይዛል፤ የእግሩ መርገጫ በረጂው ክንድ ላይ ያርፋል። በሌላው እጁ ጉልበቱ እንዳይታጠፍ ከላይ ጫን ይላል። ከዚያ የሰውነቱን ክብደት ወደ ፊት በማዘንበል ጣቶቹን ወደ ቅልጥሙ አቅጣጫ ቀስ ብሎ፣ አምስት እስኪቆጥር ድረስ ይገፋና እዚያው ይዞ ይቆያል። መንጨቅ የለም። ማርገብገብ የለም። ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ነው የሚያዘው፤ ከእጁ ሥር የሚሰማው መርበትበት ሲቆም፣ ጥጥሩም ሲላላ ቀስ አድርጎ ይለቃል። ቶሎ ከተለቀቀ ይመለሳል፤ ከተመለሰ ደግሞ እንደገና መዘርጋት ነው። ተጫዋቹም ዝም ብሎ አይተኛ፤ የእግሩን ጣቶች ራሱ ወደ ላይ ይጎትት። የቅልጥሙ ጡንቻ ሲሠራ የባቱ ጡንቻ እንዲለቅ በነርቭ በኩል ይታዘዛልና። መደብደብ፣ በክርን መደቆስ፣ ቀዝቃዛ ስፕሬይ መርጨት የመዘርጋትን ቦታ አይተኩም። ማሸት ተራው ከለቀቀ በኋላ ነው፣ በቀስታ፣ በመዳፍ። ለብ ያለ ፎጣም ያን ጊዜ ያስደስታል።

ቋንጃ ላይ ከያዘ በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበትን አቅንቶ እግርን ወደ ላይ ማንሣት ነው። የጭን ፊት ከሆነ ደግሞ ግድግዳ ይዞ ቆሞ ተረከዝን ወደ መቀመጫ መሳብ፤ ውስጥ እግር ከሆነ አውራ ጣትን ወደ ላይ መቀልበስ ወይም በባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ መቆም። ብቻውን ያለ ሰው ተቀምጦ፣ ጉልበቱን አቅንቶ፣ ነጠላ ወይም ፎጣ በእግሩ ጣቶች ሥር አዙሮ ሁለቱን ጫፍ ወደ ራሱ ይሳብ።

አንድ ነገር ግን ሳይለዩ መዘርጋት አይገባም። ተጫዋቹ «ከኋላ በድንጋይ የተመታሁ መሰለኝ» ብሎ ዞር ካለ፣ ወይም የሆነ ነገር «ጧ» ሲል ከሰማ፣ ያ ክራምፕ አይደለም፤ ጡንቻ ወይም የተረከዝ ጅማት ተቀዷል። ክራምፕ ሲዘረጋ ይቀልላል፤ የተቀደደ ሲዘረጋ ሕመሙ ይብሳል። በጣት ሲነካ አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ክፉኛ የሚያም ከሆነ፣ ቀኑን ውሎ ቆዳው ከጠቆረ፣ ወይም ሰውየው በእግሩ ጣቶች ብቻ መቆም ካቃተው መዘርጋቱ ይቅርና ይታይ። የስትራፖ ስም ለሁለቱም መዋሉ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ኮምጣጣ ነገር ክራምፕን ያስለቅቃል የሚባለውም ከወሬ ያለፈ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ አሜሪካዊ ጥናት፣ በኤሌክትሪክ ክራምፕ እንዲይዛቸው የተደረጉ ሰዎች በክብደታቸው በኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ኪያር የተዘፈዘፈበትን ጨዋማ ኮምጣጣ ውሃ ጠጡ፤ ባዶ ውሃ ከጠጡበት ጊዜ ይልቅ በአማካይ 49 ሰከንድ ቀድሞ ለቀቃቸው። ይህ ጊዜ ጨው ከሆድ ወደ ደም ለመድረስ አይበቃውም። የሠራው ጨው ሳይሆን ጉሮሮ ላይ ያረፈው ኮምጣጣ ጣዕም በነርቭ በኩል ያስተላለፈው መልእክት ነው ተብሎ ነው የሚገመተው። ይህን አንብቦ አቼቶ እንዳለ የሚጨልጥ እንዳይኖር፤ ጉሮሮና ጥርስ ይጎዳል።

ወደ መከላከሉ ስንመጣ ከተማችን ራሷ ጥሩ ማሳያ ናት። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት የብዙ ሰው እግር ነው። የኪራይ ብስክሌት ኮርቻ ግን ለማንም አይለካም። ኮርቻው ከፍ ካለ ጋላቢው ፔዳሉን ለመድረስ የእግሩን ጣቶች ወደ ታች ያሾላል፤ ባቱ መንገዱን ሁሉ አጥሮ እየተኮማተረ ይሄዳል፤ ለክራምፕ ከዚህ የተሻለ ግብዣ የለም። ልኩን ለማወቅ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን እታች አውርዶ ተረከዝን ማሳረፍ ነው፤ ጉልበት ልክ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ የእግሩ ፊት ፔዳሉ ላይ ሲያርፍ ጉልበቱ በትንሹ ይታጠፋል፤ ልኩ ያ ነው። ቀኑን ሙሉ ፍሪሲዮን ሲጨብጥ የሚውል የባጃጅ ሾፌር ደግሞ የሚሸማቀቀው ግራ እጁ ነው፤ ወረፋ ሲጠብቅ መዳፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ጣቶቹን በሌላው እጁ ወደ ኋላ ለ20 ሰከንድ ይቀልብስ። በደንገል ታንኳ ለሰዓታት እግሩን አጥፎ የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅ ቋንጃውና ውስጥ እግሩ አጥረው ይቆያሉ፤ ዳር ሲደርስ ዘሎ ከመውረዱ በፊት እግሩን ዘርግቶ ጣቶቹን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ይሳብ። ሸማኔውም መርገጫውን በጣቶቹ ጨብጦ ሲረግጥ ይውላልና ውስጥ እግሩ ይህንኑ ይፈልጋል።

ለተጫዋች ከመዘርጋቱ የበለጠ የሚጠቅመው ማጠንከሩ ነው። ደረጃ ጫፍ ላይ በእግር ፊት ብቻ ቆሞ፣ በሁለት እግር ወደ ላይ መነሣት፤ ከዚያ አንዱን እግር አንሥቶ በሌላው ብቻ፣ አራት እየቆጠሩ ተረከዙ ከደረጃው በታች እስኪወርድ ድረስ መውረድ። 10 ጊዜ፣ ትንሽ አርፎ እንደገና፣ በአጠቃላይ 3 ዙር፤ በሳምንት 3 ቀን። ጡንቻው ረዝሞ ባለበት ሁኔታ መሸከምን ይማራል። አሠልጣኞችም ይህን ያስቡበት፦ ሳምንቱን ሙሉ ለ60 ደቂቃ በዝግታ ያሠለጠኑትን ልጅ እሑድ 90 ደቂቃ በሙሉ ፍጥነት ካስሮጡት በ75ኛው መውደቁ ሊያስገርማቸው አይገባም። ውሃው ጥም እንዳዘዘ ይጠጣ፤ ከልምምድ በፊትና በኋላ ሚዛን ላይ ቢወጣ የጎደለው እያንዳንዱ ኪሎ 1 ሊትር ያህል ውሃ ነው። በኋላ ክብደቱ ጨምሮ ከተገኘ ከሚያስፈልገው በላይ ጠጥቷል፤ ያም የራሱ አደጋ አለው።

ስለ ስግደትም እንጨምር፤ በስቅለት ማግስት የሚያነክስ ብዙ ነውና። በሁዳዴው ጾም መጨረሻ፣ ውሃ ሳይቀመስ፣ በሚያዝያ ሙቀት፣ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ወድቆ መነሣት ለማንም ጡንቻ ቀላል አይደለም። ሲንበረከኩ የእግርን ጀርባ መሬት ላይ ማንጠፍ ባትንና ውስጥ እግርን ያሳጥራል፤ ጣቶችን ተክሎ መንበርከክ ይሻላል። ሲነሡ ሁልጊዜ በአንድ እግር አለመጀመር፣ ማፈራረቅ። በየመሐሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ተረከዝን መሬት አስይዞ አንድ እግርን ወደ ኋላ ማራቅ ማንንም አያውክም። በዋዜማው ማታ ውሃ በደንብ ይጠጣ። ነፍሰ ጡሮችና ሕመም ያለባቸው አስቀድመው የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ።

የሌሊቱ ክራምፕ ከሁሉም ይበዛል፤ በተለይ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ በሆኑትና እርግዝናቸው በገፋ እናቶች ላይ። ተኝተን እያለን እግራችን በራሱ ወደ ታች ይሾላል፤ ከባድ ብርድ ልብስ ከእግርጌ ተጠቅጥቆ ሲጫነው ይብሳል። ባት አጥሮ ተቀምጧል፤ በሕልም አንዴ መፈናጠር ይበቃዋል። ብርድ ልብሱን ከእግርጌ ማላላት፣ በጀርባ ለሚተኛ ከእግሩ መርገጫ በኩል ትራስ ማቆም፣ በሆዱ የሚተኛ እግሩን ከአልጋው ጫፍ ማንጠልጠል፤ ወጪ የሌለው ነገር ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ55 በላይ የሆኑ 80 ሰዎች ተሳትፈው ነበር፤ ለ6 ሳምንት በየምሽቱ ከመኝታ በፊት ባታቸውንና ቋንጃቸውን የዘረጉት ሌሊት ላይ የሚይዛቸው ቁጥርም ሕመሙም ቀነሰላቸው። አዘራረጉ ከግድግዳ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ርቆ፣ መዳፍን ግድግዳው ላይ አሳርፎ፣ ጉልበት ቀጥ፣ ተረከዝ መሬት ሳይለቅ ወደ ፊት ማዘንበል ነው። 30 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ። ሌሊት የያዘው ሰው ደግሞ አልጋው ዳር ተቀምጦ ተረከዙን መሬት ያስነካና ጉልበቱን አቅንቶ ይቁም።

ጣና ውስጥ ለሚዋኝ ግን ሕጉ ሌላ ነው፤ ሰው የሚሰምጠው በክራምፑ ሳይሆን በመደንገጡ ነው። መጀመሪያ በጀርባ ተገልብጦ መንሳፈፍ፣ መተንፈስ። ከዚያ የተያዘውን እግር ጣቶች በተቃራኒው እጅ ይዞ ወደ ራስ መሳብ፣ በሌላው እጅ ጉልበቱን ወደ ታች ጫን ብሎ ማቅናት። ሲለቅ በጀርባ እንደተኙ በእጅ ብቻ እየቀዘፉ ወደ ዳር መውጣት፤ በዚያው እግር እንደገና መርገጥ ይመልሰዋል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ግን ወራጁ ለእርጋታ ጊዜ አይሰጥምና እዚያ መዋኘቱ ቢቀር ይሻላል። (ጉማሬውንና ቢልሃርዚያውን ለሌላ ደብዳቤ እንተዋለን።)

ስለ ክኒን የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። ማግኒዚየም ለአረጋውያን የሌሊት ክራምፕ ይህ ነው የሚባል ጥቅም እንደማይሰጥ ጥናቶቹን የሰበሰቡ ግምገማዎች ያሳያሉ፤ ለነፍሰ ጡሮች ውጤቱ የተደበላለቀ ነው። ኪኒን (ኩዊኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት) ክራምፕን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ለደም መርጋት የሚያስፈልጉትን ሕዋሳት ሊያጠፋ፣ የልብ ምትንም ሊያዛባ ስለሚችል የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ለዚህ ሲባል ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ከወባ ሕክምና የተረፈን ኪኒን ለባት መዋጥ አይገባም። በሌላ በኩል ክራምፑን የሚያመጣው መድኃኒት ራሱ ሊሆን ይችላል፦ ለግፊትና ለልብ የሚታዘዙ ሽንት የሚያሸኑ እንክብሎች፣ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች፣ የአስም ፓምፕ። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ሳይሆን ላዘዘው ሐኪም መንገር ነው።

ለሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ፣ ለደንቢያና ለፎገራ አንባቢዎቻችሁ ለብቻ የምንለው አለን። ጓያ ዋና ምግብ ሆኖ ለወራት ሲበላ ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በሁለቱም ባት መሸማቀቅና በእግር መክበድ ነው። ከዚያ ጉልበት መገተር፣ በጣት መራመድ ይመጣል። «ጓያ ሰበረው» እስኪባል ከተደረሰ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም፤ መድኃኒትም የለውም። እንፋሎቱ ወይም ገለባው ይሰብራል የሚለው እምነት ጥንቃቄውን ከገበታው ወደ ምድጃው አዙሮታል፤ የሚጎዳው የሚበላው መጠን ነው። ሌላ እህል በጠፋበት ጊዜ እንኳ ጓያውን ዘፍዝፎ፣ ቀቅሎ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ ከጤፍ ወይም ከገብስ ጋር ቀላቅሎ መብላት መርዙን ይቀንሳል። በችግር ወራት የሁለቱም እግር ባት ከተሸማቀቀና መራመድ ከከበደ ያንኑ ቀን ጓያውን ማቆምና ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

የሚከተሉትን ያየ ሰው ደግሞ መዘርጋቱን ትቶ ወደ ሕክምና ይሂድ። አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆና ቀልቶ ካመመ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ነፍሰ ጡርና አራስ በተለይ። ይህ አይታሽም፤ ማሸቱ የረጋውን ደም ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንት እንደ ቡና ከጠቆረ ጡንቻው እየፈረሰ ኩላሊትን እየጎዳ ሊሆን ይችላል። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ላይ ክራምፕ ከተጨመረ ሰውነት ውሃና ጨው ጨርሷል፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን እያጠጡ መውሰድ ነው። ቁስል የነበረበት ሰው አፉን መክፈት አቅቶት ጀርባው ከተገተረ መንጋጋ ቆልፍ ነው፤ ወጌሻ ጋ የሚሄድበት ጊዜ የለም። በሄደ ቁጥር ባቱን የሚይዘው፣ ሲቆም የሚለቀው ሰው የደም ሥሩ ጠቦ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ «ደም ሥሬ ነው» ያለው አልተሳሳተም።

ይህን ደብዳቤ ምክሩ በወጣበት በዚያው የስፖርት ገጽ ላይ እንድታወጡልን እንጠይቃለን። ቦታ ካጠበበ የትኛውንም አንቀጽ ልትቀንሱ ትችላላችሁ፤ ጉልበት ቀጥ ይበል የምትለውን ብቻ አደራ።

ከአክብሮት ጋር፣
በባሕር ዳር የሚሠሩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች